እማዬን ይዘን የአሜሪካ ምግብ ቤት ገባን

አሜሪካ ሄደው ዘመድ ቤት አርፈው የሚያውቁ ከሆነ ይህን ሳይታዘቡ አልቀሩም። ከዚያ ሁሉ በረራ በኋላ የሚቀርብልዎት የመጀመሪያው ግብዣ እንጀራ ነው። ሁለተኛውም እንጀራ ነው። በሦስተኛው ቀን መኪናውን አስነስቶ ሊወስድዎት የሚመጣው ዘመድ ደግሞ «የእዚህን ክትፎ ካልቀመሱ አሜሪካን አየሁ እንዳይሉ» ይልዎታል።

ባለፈው ክረምት እኔና እማዬ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ታላቅ ወንድሜ ቤት አንድ ወር ስንቀመጥ፣ የአሜሪካንን ምግብ ለሦስት ሳምንት ያህል ያየነው በመስታወት በኩል ብቻ ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ በሜሪላንድ ግዛት ትሁን እንጂ ከዋሽንግተን ዲሲ የሚለያት አንድ መንገድ ነው፤ በቀዩ መስመር ባቡር ተሳፍረው ብዙ ሳይቆዩ መሃል ዋሽንግተን ይደርሳሉ። ስሟ የመጣው ፍራንሲስ ፕሬስተን ብሌር የተባለ የጋዜጣ አዘጋጅ እ.ኤ.አ. በ1840 በአካባቢው ካገኛት ምንጭ ነው ይባላል፤ በውሃው ውስጥ ያለው ሚካ የተባለ ማዕድን እንደ ብር ያብለጨልጭ ነበርና። ዛሬ ፌንተን ስትሪትና ጆርጂያ አቬኑ ላይ ሲያልፉ በአማርኛ የተጻፈ ማስታወቂያ ያያሉ፤ የቡና ሽታ ይከተልዎታል፤ ከመደብሩ ደጃፍ እንጀራ በፌስታል ይዞ የሚወጣ ሰው ያገኛሉ። እማዬ በደረስን በሁለተኛው ቀን ብቻዋን ወጥታ በርበሬና ኮረሪማ ገዝታ ተመለሰች፤ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ሳትናገር።

እንግዲህ እንዲህ ባለ ሰፈር ውስጥ ነው አዲሱ ምግብ ቤት የተከፈተው። ከወንድሜ አፓርታማ የስድስት ደቂቃ የእግር መንገድ ላይ፣ ቀድሞ የልብስ ንጽሕና መስጫ በነበረ ቤት ውስጥ። መስኮቶቹ ለወራት በቡናማ ወረቀት ተሸፍነው ቆይተው እኛ በደረስን ሰሞን ወረቀቱ ተነሣ። ስሙን አልጠራውም። ይህ ገጽ ማስታወቂያ እንዲመስል አልፈልግም፤ ደግሞም የምነቅፈው ነገር አለኝ። በሩ ላይ ከስሙ ሥር የተጻፈው ሲተረጎም «የሰፈር አሜሪካን ምግብ ቤት» እንደ ማለት ነው።

አባባሉ ምን ማለት እንደሆነ እኔም ጠይቄ ነው ያወቅሁት። ቆመው አዘው በወረቀት ከረጢት ይዘው የሚወጡበት የፈጣን ምግብ ቤት አይደለም። ነጭ የጠረጴዛ ልብስ የተዘረጋበት፣ ኮትና ክራቫት የሚያስፈልገው ዓይነትም አይደለም። በሁለቱ መካከል ያለ ነው፦ ቤተሰብ ከነልጁ በእግሩ መጥቶ የሚቀመጥበት፣ የተጠበሰ ዶሮና በርገር ከአትክልቱና ከአሳው ጋር በአንድ ሜኑ ላይ የሚገኝበት፣ ሜኑው በየወቅቱ ጥቂት ጥቂት የሚቀየርበት ቤት። እኛ ሰፈር ሽሮውም ቀይ ወጡም የሚገኝበት፣ ባለቤቷ ልጆችዎን በስም የምታውቅበት ቤት አለ አይደል? ሐሳቡ እሱ ነው፤ ዋጋው ግን እሱ አይደለም።

እንሂድ ያለችው የወንድሜ ልጅ ናት፤ 14 ዓመቷ ነው። አባትየው «ቤት ምግብ ሞልቶ!» አለ። ይህን መልስ ከመጣን ጀምሮ ብዙ ጊዜ ሰምተነዋል። የወንድሜ ባለቤት ትከሻዋን ነቀነቀችና «እኔም ስንት ዓመት ጠየቅሁት፤ የአበሻ ቤት ካልሆነ እግሩ አይገባም» አለችኝ። አሜሪካ ከገባ 22 ዓመቱ ነው። ገንዘብ ቆጥቦ ነው ብዬ አሰብኩ፤ እውነቱን ለመናገር ትንሽ አፈርኩበትም። ነገሩን የቆረጠችው እማዬ ናት፦ «ልጅቷ ከጠየቀች እንሂዳ!»

ቀኑ በደንብ ተመርጧል። የሐዋርያት ጾም ተፈትቷል፣ ፍልሰታ ገና አልገባም፤ ዕለቱ ቅዳሜ ነው። ልጅቷ ከሁለት ቀን በፊት በስልኳ ቦታ ያዘች። እርስዎም ቅዳሜ ምሽት ከሆነ ቦታ ሳይዙ አይሂዱ፤ ስምዎን አስመዝግበው ደጅ ላይ ብዙ ሊቆሙ ይችላሉ። ቦታ ከያዙ ደግሞ የቀጠሮ ሰዓት አያሳልፉ፤ ጠረጴዛውን ለሌላ ይሰጡታል። የተያዘልን በእኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። እማዬ «ይሄ መክሰስ ነው ራት?» ብላ ጠየቀች። ራት ነው። ልጆች ያሏቸው አሜሪካውያን ራታቸውን በጊዜ ይበላሉ፤ በሐምሌ ጀንበሯ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነውና የምትጠልቀው፣ እኛ ራት በልተን ስንወጣም ገና ቀን ነበር።

በሩ አጠገብ አንዲት ወጣት ከትንሽ ጠረጴዛ ኋላ ቆማለች። ደንቡ እሷ ዘንድ ቆሞ መጠበቅ ነው፤ ባዶ ወንበር ቢያዩም ራስዎ ሄደው አይቀመጡም። እማዬ ይህን ማን ነግሯት! ልጅቷን ከልቧ «እንደምን ዋልሽ» አለቻትና በመስኮቱ ጥግ ወዳለው ባዶ ጠረጴዛ ሄዳ ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች። ወጣቷ ስልኳን አየች፣ እማዬን አየች፣ ሳቀችና ሜኑዎቹን ይዛ ተከተለቻት። በጣም ጥሩው ጠረጴዛ ነበር።

አሁን ነቀፌታዬን ልንገርዎት። ቤቱ ይጮኻል። ጣሪያው ክፍት ነው፣ ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ ግድግዳው ጡብ ነው፤ ድምፅ የሚውጥ አንድ ጨርቅ የለበትም። ከአጠገቤ የተቀመጠችውን የወንድሜን ባለቤት ለመስማት ጎንበስ ማለት ነበረብኝ። ጆሮው የሚደክም አረጋዊ ይዘው ከሆነ ጥግ ይጠይቁ፤ ወይም እንደ እማዬ ያድርጉ። ሁለተኛው የበረዶው ነገር ነው። ሳያዝዙ ውሃ ይቀርብልዎታል፤ ነጻ ነው፤ ብርጭቆው ግን በበረዶ ተሞልቶ ነው የሚመጣው። «ያለ በረዶ» ማለት ይቻላል፤ ማንም አይቀየምም። እጅ የሚያስታጥብዎት ሰው ግን አይምጣልኝ ብለው አይጠብቁ፤ መታጠቢያ ክፍል መሄድ ነው። እማዬ ተነሥታ ሄዳ ታጠበች፤ ተመልሳም ቆማ አባታችን ሆይ ደገመች። አጠገባችን ያሉት ባልና ሚስት ሹካቸውን አስቀምጠው እስክትጨርስ ጠበቁ።

አስተናጋጁ መጣና ስሙን ነገረን፤ እዚያ አገር ልማድ ነው። ቀጥሎ የጠየቀን ጥያቄ ግን ለእኛ ዓይነት ቤተሰብ ትልቅ ነገር ነው፦ «የማይስማማችሁ ምግብ አለ?» የጠየቀው አለርጂ ያለበት ሰው እንዳይኖር ነው። እርስዎ ግን በዚህ በር የጾሙንም የሥጋውንም ጉዳይ ማስገባት ይችላሉ። እማዬ በማታውቀው እጅ የታረደ ሥጋ አትበላም፤ አሳማማ አይነሣም። ልጅቷ ይህን ስታስረዳው አስተናጋጁ በደብተሩ ጻፈ፤ አልሳቀም፣ አልተሰላቸም። «ብራስልስ ስፕራውት» የሚሉት፣ የጥቅል ጎመን ታናሽ ወንድም የሚመስል አትክልት አለ፤ ሜኑው ላይ ሳይጻፍ ቤከን ማለትም የአሳማ ሥጋ ተከትፎ እንደሚገባበት የነገረን እሱ ራሱ ነው። ያለ ቤከን አሠርቶ አመጣልን። በጾም ወቅት ከሄዱ ደግሞ አንድ ቃል ይያዙ፦ «ቪገን» ይበሉ። «ቬጀቴሪያን» ካሉ ሥጋው ይቀርልዎታል እንጂ ቅቤው፣ አይቡና እንቁላሉ ይመጣል።

ለእማዬ ሳልመን አሳ አዘዝን። «አሳ አይታረድም» ብላ ተስማማች።

ምግቡ በየሰው በየሳህኑ ነው የሚመጣው፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። መሃል ላይ እንዲቀመጥ ያዘዝነው የበቆሎ ዳቦውንና አትክልቱን ብቻ ነው። የበቆሎ ዳቦው በትኩስ የብረት መጥበሻ ቀረበ፤ ቅቤና ማር ከላዩ ላይ እየቀለጠ። እማዬ ቆርሳ አሸተተችው፣ ቀመሰችው፣ «የባላገር ነው» አለች። ከእሷ አፍ ይህ ምስጋና ነው። እውነትም የባላገር ነው፤ በቆሎን ነጮቹ ከመምጣታቸው በፊት የአገሩ ቀደምት ሕዝቦች ሲያርሱትና ሲጋግሩት የኖሩት እህል ነው።

የሰባት ዓመቱ ልጅ ማካሮኒ በቺዝ አዘዘ፤ ሌላ አያውቅም። ይህን ምግብ አሜሪካ ውስጥ ካስለመዱት ሰዎች መካከል ስሙ የሚነሣው ጄምስ ሄሚንግስ ነው። ቶማስ ጄፈርሰን በባርነት ይዞት የነበረ ሰው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1784 ፓሪስ ወስዶ የፈረንሳይን ምግብ አሠራር አስተማረው። ነጻ የወጣው በ1796 ነው፤ ያውም ሙያውን ለገዛ ወንድሙ አስተምሮ ሌላ አብሳይ ከተካ በኋላ። የልጆች ምግብ ነው ብለን የምናልፈው ማካሮኒ ይህን ያህል ታሪክ ተሸክሟል። ጣዕሙ ደግሞ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ ለእኔ ምላስ ትንሽ ቃሪያ ይጎድለዋል።

ከዚያ ሸርጣኑ መጣ።

ሜሪላንድ የሸርጣን አገር ናት። ቼሳፒክ ከሚባለው የባሕር ሰላጤ የሚወጣው ሰማያዊ ሸርጣን በበጋቸው ወራት በየጠረጴዛው ይገኛል። የወንድሜ ልጅ ያዘዘችው «ክራብ ኬክ» ሥጋው ተፈልፍሎ፣ ተድቦልቡሎ የተጠበሰ ነው፤ ሲያዩት የድንች ጥብስ ይመስላል። የሚነሰነስበት ቅመም «ኦልድ ቤይ» ይባላል፤ ከናዚ ጀርመን ሸሽቶ ባልቲሞር የገባ ጉስታቭ ብሩን የተባለ አይሁዳዊ የቅመም ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1939 የፈጠረው ነው። የሜሪላንድ ሰው ያለዚህ ቅመም ሸርጣን አይበላም። ቅመሙን የሠራው ግን ስደተኛ ነው።

እማዬ ሁላችንንም ማጉረስ ጀመረች። ከሳልመኑ እየቆረሰች፣ ከአትክልቱ እየጠቀለለች፣ በቅደም ተከተል፦ ልጁ፣ ልጅቷ፣ የልጇ ሚስት፣ እኔ፣ ወንድሜ። ከአጠገባችን ያሉት ባልና ሚስት አሁን ዓይናቸውን መንቀል አልቻሉም። ልጅቷ ሥርዓት ያላት ልጅ ናት፤ ጉርሻ ሲሰጥ እንደሚመለስ ታውቃለች። ከሳህኗ ቆርሳ ወደ አያቷ አፍ ዘረጋች።

«ምንድን ነው የኔ እናት?»

የወንድሜ ባለቤት ፈጥና «አሳ ነገር ነው» አለች። ትንሹ ግን የማያውቅ መሰላትና ሊረዳት ፈለገ፤ ሁለት እጁን አንሥቶ ጣቶቹን እንደ መቀስ ከፈትና ዘጋ አደረጋቸው። እማዬ ገባት። «በስመ አብ!» ብላ ወደ ኋላ አለች። የልጅቷ እጅ አየር ላይ ቀረ።

ሳቅን፤ እሷ ግን አልሳቀችም። አሥራ አራት ዓመት ቀላል ዕድሜ አይደለም። አያቷን በዓመታት መካከል አንዴ ነው የምታያት፤ ቦታውን የመረጠችው እሷ ናት፤ አሁን የዘረጋችው ጉርሻ ተመልሶባታል። እርስዎም አሜሪካ ያደገ የወንድም ወይም የእህት ልጅ ካለዎት ያን ፊት ያውቁታል። እማዬም አየችው። ከዳቦው መጥበሻ ላይ ጠርዙን፣ ጠቆር ያለውን፣ ራሷ ቆረሰችና ልጅቷ መዳፍ ላይ አስቀመጠችው፤ «በይ እንግዲህ ይሄን አጉርሺኝ» አለች። አጎረሰቻት። «አንድ ያጣላል» አለች እማዬ፤ ሁለተኛም ተቀበለች፤ ሦስተኛም።

ወንድሜ በዚህ ሁሉ ጊዜ ዝም ብሏል። የተጠበሰ ዶሮ ነበር ያዘዘው፤ ግማሹን እንኳ አልበላም። እኔ ዋጋውን እያሰበ መስሎኛል። አሁን ሳስበው ግን ዓይኑ ከሳህኑ ላይ አልነበረም። በኩሽናው በኩል ያለው ተወዛዋዥ በር በተከፈተ ቁጥር ወደዚያ ያያል።

እኛ ገና ሳንጨርስ የጨረሰውን ሰው ሳህን ማንሣት ጀመሩ። ይህ ለእኛ ነውር ነው፤ እንግዳ እየበላ ማዕድ አይነሣም። ብዙ የአሜሪካ ምግብ ቤት ግን እንዲህ ያደርጋል፤ ሊያባርሩዎት አይደለም፣ ጠረጴዛው እንዳይጣበብ ነው። «ገና ነኝ» ማለት በቂ ነው። ሳህን የሚያነሣው ልጅ ጥቁር ሽርጥ ያደረገ ወጣት ነበር። ወንድሜ ሳይጠየቅ ተነሣና ሳህኖቹን ይደረድርለት ጀመር። እንደ እኔና እንደ እርስዎ ዝም ብሎ ማነባበር አይደለም፤ ትርፍራፊውን በአንድ ሹካ ጠርጎ ወደ አንዱ ሳህን ሰበሰበ፣ ትልቁን ከታች ትንሹን ከላይ አደረገ፣ ሹካና ቢላውን በአንድ አቅጣጫ አጋድሞ አስቀመጠ። ሰኮንዶች ናቸው የወሰደበት። ወጣቱ ቆሞ አየውና አንድ ነገር አለው። ወንድሜ መለሰለት። በስፓኒሽ።

«ባባ!» አለች ልጅቷ። «ስፓኒሽ ትችላለህ?»

ወጣቱ እየሳቀ ሳህኑን ተሸክሞ ሄደ። ወንድሜ ተቀመጠ፤ ጆሮው ቀልቷል። የዋሽንግተን አካባቢ ኩሽናዎች ግማሽ ቋንቋቸው ስፓኒሽ ነው፤ በአካባቢው ብዙ የኤል ሳልቫዶር ሰዎች ይኖራሉ። ወንድሜ ከእንግሊዝኛው በፊት የለመደው የእነሱን ቋንቋ ነው፤ «ትኩስ ነው»፣ «ከኋላህ ነኝ»፣ «ወንድሜ» ማለትን። ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሳህን አጥቧል። እንደዚህኛው ዓይነት ቤት፣ ዋሽንግተን ውስጥ፣ ከተወዛዋዡ በር ኋላ። ሚስቱ ታውቅ ነበር፤ ልጆቹ አያውቁም። እኛም አናውቅም።

እኛ የምናውቀው «ሆቴል ነው የምሠራው» የሚለውን ነው። በስልክ ሲደውል የሚለን እሱን ነበር። በእኛ አማርኛ ደግሞ ምግብ ቤቱም ሆቴል፣ ማደሪያውም ሆቴል ነውና ውሸት አልነበረም። እማዬ ለጎረቤት «ልጄ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ነው» ስትል የምትሥለው ሰው ክራቫት ያሠረ ነው። እኔም እንደዚያው። በየወሩ የሚልከው ገንዘብ የኮሌጅ ክፍያዬ ነበር፤ የግል ኮሌጅ ነው የተማርኩት፤ አንድም ተርም ክፍያ ዘግይቶብኝ አያውቅም። ደሞዙ በሰዓት ስንት እንደነበረ ጠይቄው አላውቅም፤ አሁንም መጠየቅ አልደፈርኩም።

እማዬ ለተወሰነ ጊዜ ምንም አላለችም። ከዚያ «ለምን አልነገርከኝም?» አለችው።

«ብነግርሽ ገንዘቡን አትቀበይኝም ነበር።»

ይህን አላስተባበለችም። የውሃ ብርጭቆዋን ገፋ አድርጋ ሌላ ጥያቄ ጠየቀችው፦ «ውሃውስ ሙቅ ነበር?»

ወንድሜ በዚያን ምሽት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። «ሙቅ ነበር እማዬ። በጣም ሙቅ።»

ፖም ፓይ አዘዝን፤ አንዱን ለስድስት ሰው ስድስት ማንኪያ ይዞ ይመጣል፤ አይፈሩ፣ ይጠይቁ። ከምግቡ ሁሉ ለእኔ እሱ ይበልጥብኛል፤ ቀረፋው የእኛን ሻይ ያስታውሳል፤ አይስክሬሙን ግን ለብቻው ያስመጡ፣ ከላይ ሲቀልጥ ቂጣውን ያላሽቀዋል። እኔ ያዘዝኩት «ሚት ሎፍ» የተባለ የተፈጨ ሥጋ ዳቦ ደረቅ ነበር፤ አልደግመውም። የወንድሜ ባለቤት በርገሯን በደንብ እንዲበስል ብላ ነበርና ደህና ነበር። ሲያዝዙ እንዴት ይብሰል ብለው ይጠይቁዎታል፤ መሃሉ ቀይ እንዲሆን ካልፈለጉ «ዌል ደን» ይበሉ። ቡና አላዘዝንም። እማዬ የሚቀዱበትን ትልቅ ኩባያ አይታ «ቤት እናፈላለን» አለች።

አሁን ወደ ሂሳቡ፤ ያለ እሱ ይህ ጽሑፍ አይሞላምና። ሜኑው ላይ ያለው ዋጋ ግብር የለበትም። በሜሪላንድ የሽያጭ ግብሩ 6 ከመቶ፣ በአልኮል መጠጥ ላይ 9 ከመቶ ነው። እኛ ስድስት ሆነን የበላነውና የጠጣነው፣ አንድ ቢራን ጨምሮ፣ 196 ዶላር ሆነ፤ ግብሩ 12 ዶላር፤ ድምሩ 208። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ቤት ቫቱንና አገልግሎቱን ቢሉ ላይ ደምሮ ያመጣልዎታል፤ እዚያ ግን ከድምሩ በታች ባዶ መስመር አለች፤ የሚሞሏት እርስዎ ነዎት። ጉርሻ ናት። የተለመደው ከ18 እስከ 20 ከመቶ ነው። ብዛት ላለው ቡድን ራሳቸው የሚደምሩ ቤቶች ስላሉ ቢሉን አንብበው ይክፈሉ፤ አለበለዚያ ሁለት ጊዜ ያጎርሳሉ።

ይህ ነገር ብዙ አበሻ ያናድዳል፤ እኔንም አናዶኝ ያውቃል። ምክንያቱን የነገረኝ ወንድሜ ነው። የፌዴራሉ ሕግ ጉርሻ ለሚቀበል ሠራተኛ አሠሪው ከኪሱ እንዲከፍል የሚያስገድደው በሰዓት 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ነው፤ ይህ ቁጥር እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ አልተነቃነቀም። ሜሪላንድን የመሳሰሉ ግዛቶች ከፍ ያደርጉታል፤ ጉርሻው ካልሞላም አሠሪው እስከ መደበኛው ዝቅተኛ ደመወዝ ማሟላት አለበት። የሆነ ሆኖ አስተናጋጁ የሚኖረው በዚያች መስመር ነው። «እናንተስ?» አልኩት፤ «ሳህን አጣቢዎቹስ?»

«እኔ በሠራሁበት ቤት ለእኛ አይደርስም ነበር።»

ልከፍል ቦርሳዬን ከፍቼ ነበር። ባይሆን ግማሹን አልኩት። እጄን ገፍቶ መስመሯ ላይ 42 ብሎ ጻፈ፤ 250 ሞላ። ከዚያ ከኪሱ ጥሬ ብር አወጣና ሳህን ወዳነሣው ወጣት ሄዶ ጨበጠው። በር ላይ ቆመን ጠበቅነው። ከተወዛዋዡ በር ፊት ቆመው የሆነ ነገር ተባባሉ፤ በሩ ተከፈተ፤ እንፋሎቱ ወጣ፤ ወንድሜ አንገቱን ወደ ውስጥ አስገብቶ አየና ተመለሰ። ልጁ «ምን አየህ?» ሲለው «ማሽን አላቸው» አለው።

የተረፈውን ሁሉ በክዳን ባለው ፕላስቲክ አድርገው ሰጡን፤ ይህ እዚያ አገር ነውር አይደለም፣ እንዲያውም ሳይጠይቁ ነው የሚያመጡልዎት። አምስት እቃ ሆነ። በማግስቱ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ወንድሜ ዶሮውን ከፍሪጅ አውጥቶ በአዋዜ በላው፤ እንዲህ ሲሆን ጥሩ ነው አለ። ከዚያ እቃዎቹን ሰብስቦ ወደ መታጠቢያው ሄደ። እማዬ ከኋላው ደርሳ እጁን ከቧንቧው ላይ አነሣችው።

«አንተ ተቀመጥ።»

አምስቱንም በሙቅ ውሃ አጥባ፣ አድርቃ፣ ክዳን በክዳናቸው ሻንጣዋ ውስጥ ከተተቻቸው። አሁን አዲስ አበባ፣ እማዬ ኩሽና መደርደሪያ ላይ ናቸው፤ ሁለቱ ሽሮ፣ አንዱ እርድ፣ አንዱ ኮረሪማ ይዘዋል። አምስተኛውን ለእኔ ሰጥታኛለች።